ሕፃናትን በፀሐይ ብርሃን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፎቶግራፍ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር



እኛ የፎቶግራፍ ክበብ አባሎች፣ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን የምንሰናበት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የምታዩአቸው ሥዕሎች የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ሥዕሎች ናቸው። ሁሉም የተነሡት ከቤት ውጭ፣ በፀሐይ ብርሃን ብቻ፣ ልጆቹ በጨዋታቸውና በሥራቸው ላይ ሳሉ ነው። ከመካከላቸው ተሰልፎ የቆመ ወይም ተገዶ የሣቀ አንድም ልጅ አይገኝም።

ብዙ ሰዎች «እንዴት አድርጋችሁ አነሣችኋቸው?» ብለው ስለ ጠየቁን መልሱን በአንድ ጊዜ ለሁሉም ለመስጠት አስበናል። ነገር ግን ስለ ብርሃንና ስለ ካሜራ ብቻ ብንናገር የነገሩን እኩሌታ ብቻ የተናገርን ይሆናል። የቀረው እኩሌታ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ልጅ ነው። ልጁ ሰው ነው፤ ፊቱም የራሱ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ስለ ብርሃን፣ ቀጥለንም ስለ አደራ እንናገራለን።

ከሁሉ በፊት ልጆች በፎቶግራፍ ላይ ስለ ምን እንደ እንጨት ደርቀው እንደሚታዩ መጠየቅ ይገባል። ምክንያቱ አሮጌ ነው። ፈረንሳዊው ዳጌር የደረሰበት የፎቶግራፍ ጥበብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ለዓለም ሲገለጥ አንድ ሥዕል ለማንሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። የሚነሣው ሰው ከተንቀሳቀሰ መልኩ እንደ ጢስ ይበተናል። ስለዚህ አንሺዎቹ ከሰውዬው በስተ ጀርባ ብረት አቁመው ራሱን ይደግፉት ነበር። ይህ ለትልቅ ሰው እንኳ ከባድ ነው፤ ሕፃን ልጅማ እንዴት ይችለዋል? ብረቱ ከቀረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አልቀረም።

በአገራችንም የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሳቸው በኋላ ልጆቻቸው ያነሡዋቸው ሥዕሎች የታሪካችንን ብዙ ክፍል ጠብቀውልናል። በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም የወላጆቻችንን የወጣትነት መልክ አስቀርተውልናል። ስለዚህ ፎቶ ቤትን አንንቅም። ነገር ግን አንድ ሕፃን የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ ፏፏቴ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ፣ «ቀጥ በል! እጅህን አውርድ! አትንቀሳቀስ! ሣቅ እንጂ!» ሲባል ምን ይሆናል? ትንፋሹን ይይዛል፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ጥርሱን ያሳያል እንጂ አይሥቅም። ሥዕሉ ታጥቦ ሲመጣ እናቱ «ይህ የእኔ ልጅ ነውን?» ትላለች። መልኩ የልጇ ነው፤ ጠባዩ ግን የልጇ አይደለም።

ይህን ልማድ የለወጠው ትንሹ ካሜራ ነው። በጀርመን አገር የተሠራው ላይካ የተባለው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ሲወጣ ፎቶግራፍ አንሺው ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ትቶ ወደ መንገድ ለመውጣት ቻለ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1933 በእስፓኝ አገር በሴቪል ከተማ በፍርስራሽ መካከል የሚጫወቱ ልጆችን በተቀደደ ግንብ ቀዳዳ በኩል አንሥቷል። ሄለን ሌቪት የተባለችው አሜሪካዊትም በኒውዮርክ መንገዶች ላይ ልጆች ሲጫወቱ ታነሣ ነበር። እርስዋ ፊቷን ወደ አንድ ወገን አዙራ ካሜራዋ ግን ወደ ጎን የሚያይበት መሣሪያ ስለ ነበራት ልጆቹ እንደሚነሡ አያውቁም ነበር። በዚህ ነገር ላይ በኋላ የምንለው አለን። ለጊዜው ግን ከእነዚህ ሰዎች የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ልጅ መልኩ የሚገለጠው በራሱ ጉዳይ በተጠመደ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ብርሃን እንመለስ። ፀሐይ አንዲት ናት፤ ነገር ግን በቀን ውስጥ ብዙ ጠባይ አላት። ከተማችን አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ከአናታችን በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በሌሎቹም ወራት ቢሆን የቀትር ፀሐይ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ሰዓት የተነሣ ልጅ ግንባሩና አፍንጫው ያብለጨልጫሉ፤ ዓይኖቹ ግን በቅንድቡ ጥላ ሥር ሁለት ጥቁር ጕድጓድ ይሆናሉ። ደግሞም ብርሃኑ ስለሚወጋው ዓይኑን ያጠባል። ሥዕሉን ያየ ሰው ልጁ የተቆጣ ይመስለዋል። ልጁ ግን አልተቆጣም፤ ሰዓቱ ነው ያልሆነው።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የተሻለው ጊዜ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላም ከ10 ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነው። በዚህ ጊዜ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ብርሃኗ ከጎን ይመጣል፤ ቀለሙም ይሞቃል። ልጁ ፀሐይን በጀርባው ወይም በጎኑ ቢያደርግ ፀጉሩ ዳር ዳሩን ይበራል፤ ፊቱንም የሰማዩና የመሬቱ ብርሃን በለዘብታ ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ የትምህርት ቤት የዕረፍት ደወል የፎቶግራፍ አንሺን ሰዓት አይጠብቅም። ልጆች ወደ ሜዳ የሚወጡት ፀሐይ ከፍ ባለች ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ጥላ ነው። ጥላ ስንል ጨለማ ማለታችን አይደለም፤ ፀሐይ የማያገኘው፣ ሰማይ ግን የሚያየው ቦታ ማለታችን ነው። የክፍሎቻችን ረጅም በረንዳ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ከበረንዳው ጠርዝ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ የተቀመጠ ልጅ ፊቱ በሙሉ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል። ከፊት ለፊት በኖራ የተቀባው ግድግዳ ደግሞ ፀሐይን ተቀብሎ መልሶ ይልክለታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ያለው ብርሃን ከሙሉ ፀሐይ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ለካሜራ ግን የሚበቃ ነው። ወደ ልጁ ዓይን ተመልከቱ፤ በብሌኑ ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ካያችሁ ቦታው መልካም ነው። ነጥቡ ከጠፋ ልጁን ሳይሆን ራሳችሁን አንቀሳቅሱ፤ የምታነሡበትን ወገን ለውጡ።

ሁሉም ጥላ ግን መልካም አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠል በመካከሉ ፀሐይ ስለሚያሾልክ የልጁን ፊት እንደ ነብር ያዥጐረጕረዋል። ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ድንኳንም ፊትን ሰማያዊ ያደርጋል። በለመለመ ሣር ላይ የተኛ ልጅ አገጩ ሥር አረንጓዴ ቀለም ይታይበታል። በአንጻሩ ብዙ ሰዎች የሚያማርሩት የክረምት ደመና ለእኛ ወዳጅ ነው። ደመና ሰማዩን በሙሉ ሲሸፍነው ሰማይ አንድ ትልቅ ፋኖስ ይሆናል፤ የትም ቦታ ቢያነሡ ጥላው ለስላሳ ነው። ተጨማሪ ብርሃን ያስፈለገ እንደ ሆነም ነጭ ነጠላ በአንድ ሰው እጅ ዘርግቶ ማስያዝ ይበቃል።

ቀጥሎ የምንናገረው በተለይ እኛን የሚመለከት ነው። ካሜራ ብርሃንን የሚመጥነው የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደ ሆነ ቈጥሮ ነው። ስለዚህ ጥቁር ወይም ጠይም ፊት ያለው ልጅ በነጭ ግድግዳ ወይም በብሩህ ሰማይ ፊት ሲቆም ካሜራው ነጩን አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይልና ያጨልማል። ግድግዳው ግራጫ ይሆናል፤ የልጁም ፊት እንደ ከሰል ይጠቍራል፤ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ ብርሃኑን በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ መጨመር ያስፈልጋል። የልጁ ፊት ሥዕሉን በሙሉ ሲሞላው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ጠይሙን አይቶ ስለሚያበዛ መልኩ አመድ የነፋበት ይመስላል። ያን ጊዜ ጥቂት መቀነስ ነው። በእጅ ስልክ የሚያነሣም ሰው መስተዋቱ ላይ የልጁን ፊት በጣቱ ነክቶ የብርሃኑን ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማንሸራተት ይችላል።

ይህ ጕድለት ከመሣሪያው ብቻ የመጣ አይደለም። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቀለም ፊልም ማተሚያዎች መልክን እንዲያስተካክሉበት የሚልከው ናሙና የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ነበር፤ ናሙናውም በስሟ «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእርስዋ ቆዳ ካማረ ሥራው ተፈጸመ ይባላል። በኩባንያው ውስጥ የሠሩ ሰዎች እንደ ተናገሩት ፊልሙ የቡናማን ቀለም ልዩነት በሚገባ እንዲያሳይ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ሠሪዎች ቅሬታ ነበር። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ ሣቅንም፤ አዘንንም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። የልጁን መልክ ካሜራው ራሱ አያውቅልንም፤ የሚያውቀው ልጁን የሚያየው ሰው ነው። ከአንድ በረንዳ ላይ ከተቀመጡ አምስት ልጆች የአንዱ መልክ ከሌላው ይለያል። ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ጥቁር ብሎ የሚለይ ቋንቋ እያለን ሁሉን አንድ አድርጎ ማንሣት አይገባንም።

አሁን ስለ አሠራራችን በአጭሩ እናመልክት። ክበባችን ያለው አንድ አሮጌ ካሜራ ነው፤ የቀረነው በመምህራን ፈቃድ በእጅ ስልክ አነሣን። በመጀመሪያው ቀን ምንም አላነሣንም። ካሜራውን ለልጆቹ አሳየናቸው፤ በእጃቸው ያዙት፤ እርስ በርሳቸውና እኛን አነሡን። በሁለተኛው ቀን እየሮጡ መጥተው በካሜራው ፊት ተደረደሩ፤ ምላሳቸውን አወጡ፤ ጣታቸውን ቀሰሩ። ይህን ሁሉ በደስታ አነሣንላቸው። በሦስተኛው ቀን ሰለቹን። ሥራችን የተጀመረው በዚያ በሰለቹበት ሰዓት ነው። ብይ የሚጫወተው ወደ ብዩ፣ ገመድ የምትዘለው ወደ ገመዷ፣ እርሳሱን የሚቀርጸውም ወደ እርሳሱ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ ተንበርከኩ። ልጅን ከላይ ወደ ታች የሚያነሣ ሰው አናቱን ያገኛል እንጂ ፊቱን አያገኝም፤ ያነሰም ያስመስለዋል። ሁለተኛ፣ ለሚሮጥ ልጅ የካሜራውን ፍጥነት ወደ 500ኛው የሴኮንድ ክፍል አድርሱ፤ ተቀምጦ ለሚሠራ ልጅ 250ኛው ይበቃል። ሦስተኛ፣ በዓይኑ ላይ አተኩሩ። አራተኛ፣ «ሣቅ» አትበሉ። ልጅ በሥራው ላይ ሳለ ከንፈሩን ሲነክስ ከሣቅ የበለጠ ይናገራል። አምስተኛ፣ ታገሡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፣ የልጅም መልክ እያደር ነው የሚጠራው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ብልሃት ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን አንድ ጥያቄ ተነሣ። ልጅ ሳያስብ በተቀመጠበት ጊዜ ማንሣት ከመስረቅ በምን ይለያል? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከፍ ብለን የጠቀስናት የሄለን ሌቪት ሥዕሎች ያማሩ ናቸው፤ ልጆቹ ግን አልተጠየቁም። ከዚህም ይልቅ የሚያስተምረን የሌላይቱ ልጅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ስቲቭ ማካሪ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በፓኪስታን በስደተኞች ሰፈር ውስጥ፣ በድንኳን ትምህርት ቤት፣ አንዲት አፍጋናዊት ልጅ አነሣ። ሥዕሉ በ1985 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ዓይኖቿን የማያውቅ አልነበረም፤ ስሟን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሻርባት ጉላ መባሏ የታወቀው ተፈልጋ በተገኘችበት በ2002 ነው። ሥዕሏንም ራሷ ያየችው ያን ጊዜ ነው። እርስዋ አድጋ፣ አግብታ፣ ልጆች ወልዳ እስክትገኝ ድረስ ፊቷ በማታውቀው አገር ይዞር ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ የሌላ ሰው ታሪክ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም። በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ዘመን የተነሡ የሕፃኖቻችን ሥዕሎች ዓለምን ዞረዋል። ሥዕሎቹ እርዳታ አምጥተዋል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ከሥራቸው ብዙ ጊዜ «ኢትዮጵያዊ ሕፃን» ተብሎ ተጻፈ እንጂ የልጁ ስም አልተጻፈም። ስም የሌለው ፊት የማንም ፊት ይሆናል።

ስለዚህ ከሥራችን በፊት ክበባችን ደንብ አወጣ። ለወላጆች ሁሉ ደብዳቤ ተላከ። ለማንሣት አንድ ፈቃድ፣ ለማሳየት ደግሞ ሌላ ፈቃድ ተጠየቀ፤ አንዱ ለሌላው አይተካም። ልጁም ራሱ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቁት፣ አገራችንም በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት በ12ኛው አንቀጽ ልጅ በሚመለከተው ነገር ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። ፊቱን በእጁ የሸፈነ ልጅ ሐሳቡን ገልጿል፤ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። እንግዲህ ለጥያቄው መልሳችን ይህ ነው። ልጁ አስቀድሞ አውቆህ፣ ፈቅዶልህ፣ ከዚያ በኋላ ከረሳህ አልሰረቅህም። ሳያውቅህ ካነሣኸው ግን ሥዕሉ ያማረ ቢሆንም ዕዳ አለብህ።

ይህን ደንብ ማውጣቱ ቀላል ነበር፤ መጠበቁ ግን ከበደን። በስተ ቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ በሁለት ሥዕሎች መካከል ባዶ ቦታ ታያላችሁ። በዚያ ሊሰቀል የነበረው አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ በበረንዳው ጠርዝ ተቀምጣ የታናሽ ጓደኛዋን የጫማ ማሰሪያ ስታስር የተነሣው ሥዕል ነው። ጧት ነበር፤ የኖራው ግድግዳ ብርሃን ጉንጯን ነክቶታል፤ ምላሷን በከንፈሯ ዳር አውጥታ ሥራዋን ታያለች። ካነሣናቸው ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። የሚያሳድጓት አያቷ ለማንሣት ፈቅደው ነበር። ለማሳየት ልናስፈቅድ ሥዕሉን ይዘን ከቤታቸው ሄድን። እማማ ሥዕሉን ወደ በሩ ብርሃን አቅርበው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም «እጅግ ያምራል፤ እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ። ለእኔ ተዉልኝ። ከአደባባይ ግን አትስቀሉብኝ፤ ዓይን ይበላብኛል» አሉን።

ስንመለስ ክበባችን ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከረ። «በዓሉ የአንድ ቀን ነው፤ እማማም አይመጡ፤ ማን ይነግራቸዋል?» ያሉ ነበሩ። ይህን ያሉት ክፉዎች ሆነው ሳይሆን ሥዕሉን ስለ ወደዱት ነው። «በዘመናዊ ትምህርት እየኖርን ስለ ዓይን መፍራት ይገባናልን?» ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ግን ያሸነፈው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ዛሬ አንድ ሥዕል ከግድግዳ ወደ ስልክ፣ ከስልክም ወደ ኢንተርኔት ለመግባት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ ስንት ዓይን እንደሚያየው፣ የማን ዓይን እንደ ሆነም ማንም አይቈጥረውም፤ መልሶ የሚሰበስበውም የለም። እማማ ነገሩን የጠሩት በአገራቸው ቋንቋ ነው፤ ፍርሃታቸው ግን እኛ ከተማርነው ነገር ብዙ የራቀ አይደለም። ደግሞም ፍርሃታቸው ባይገባን እንኳ «እንቢ» ማለታቸው ገብቶናል። ሥዕሉን ለእርሳቸው አስረከብን፤ ከካሜራውም አጠፋን። ቦታውን ግን በሌላ ሥዕል አልሞላነውም።

ውድ ጓደኞቻችን፤ በትምህርት ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ አሮጌ ፎቶግራፎች አሉ። በረድፍ የቆሙ ልጆች ናቸው፤ ከሥራቸው «ተማሪዎች» ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ ከእንግዶቻችን መካከል አንዳንዶቹ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ይሆናሉ፤ ነገር ግን የትኛው እንደ ሆኑ ልናውቅ አልቻልንም። ከዚህ በዓል በኋላ ሥዕሎቹ በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉና ራሳችሁን ወይም ጓደኛችሁን የምታውቁ ሁሉ ስሙን በጀርባው እንድትጽፉልን እንለምናለን። እኛ ያነሣናቸው ሥዕሎች ጀርባ ላይ ግን የእያንዳንዱ ልጅ ስም ከነዓመቱ ተጽፎ በትምህርት ቤቱ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱም ልጅ አንድ ቅጂ ታትሞ ተሰጥቶታል፤ የመጀመሪያው ባለቤት እርሱ ነውና።

ለታናናሾቻችን ለክበቡ አዲስ አባሎች ካሜራውን ዛሬ እናስረክባለን። ሌንሱ ዳሩ ተጭሯል፤ መዝጊያውም አንዳንድ ጊዜ ይይዛል፤ ቢሆንም ይሠራል። ከካሜራው ጋር የደንቡን ደብተርና የወላጆችን የፈቃድ ደብዳቤዎች አብረን እንሰጣችኋለን። ካሜራው ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ደብተሩን ግን አትጣሉት። በሚመጣው መስከረም አዲስ የአንደኛ ክፍል ልጆች ሲገቡ ከ3 ሰዓት በፊት በበረንዳው ላይ ተገኙ፤ አስቀድማችሁም ስማቸውን ጠይቁ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።